«ሲቲው ንጹህ ነው» ከተባለ በኋላስ?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጽሑፍ ከክፍል ኖት የተገለበጠ አይደለም። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ያለኝን ቅሬታ ነው የምጽፈው። ዓረፍተ ነገሯ አጭር ናት፤ «ሲቲው ንጹህ ነው» ትላለች። እኛ የራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ይህችን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምንሰማት፣ አንዳንዴም ራሳችን ለአስታማሚ እንደምንናገራት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔም ተናግሬያታለሁ። እንደ ተናገርኳትም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ወጣት የአይሱዙ ረዳት መኪና ተገልብጦበት መጣ። የቀኝ ጭኑ አጥንት መሃል ላይ ተሰብሯል። ራጁን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ በእርግጥ አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ። ልጁ ጭንቅላቱን አልተመታም፣ ራሱንም አልሳተም። እንዲያውም ጠረጴዛው ላይ ስናስተካክለው «ቀስ በል እንጂ ወንድሜ፣ እኔ ሽንኩርት እንኳ እንዲህ አላራገፍኩም» ብሎ ከነሕመሙ አስቆናል። ከዚያ ወደ ዋርድ ወጣ። ከጉልበቱ በታች ብረት ገብቶለት፣ እግሩ በገመድና በክብደት ተስቦ፣ ማለትም ትራክሽን ላይ ሆኖ ተኛ።

በማግስቱ ሌሊት ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ልጁ መቃዠት ጀመረ። አጠገቡ የተቀመጡትን አባቱን «አንተ ሰውዬ ማነህ?» አላቸው። የግሉኮሱን መርፌ ነቀለ፣ ትራክሽኑን ሊፈታ ታገለ። ዋርዱ ውስጥ ወዲያው ሦስት «ምርመራ» ተሰጠ። አንዱ «የጫት ሐራራ ነው» አለ። ሌላው «ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ መንፈስ ነው አለና ጭጭ አለ። ተረኛው ሐኪም ግን «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ እንዳይሆን» ብሎ ሲቲ ስካን አዘዘ። ትክክል ነበር። ሲቲው ተነሳ። ደም የለም፣ የራስ ቅል ስብራት የለም፣ እብጠትም የለም።

አባትየው በር ላይ ጠበቁኝ። «ዶክተር፣ ልጄ እንዴት ነው?» አሉኝ። እንደምታውቁት ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ውጤት መናገር የእኔ ሥራ እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ ላጽናናቸው ብዬ «አይዞዎት አባባ፣ ጭንቅላቱ ንጹህ ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ጭንቅላቱ ንጹህ ከሆነማ የሐኪም ነገር አይደለም» አሉ። ሲነጋጋ ልጁን ከነብረቱ ጠበል የሚወስድላቸው መኪና ያፈላልጉ ጀመር።

እኔ ጠበልን ልቃወም አልተነሳሁም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኒያ አባት ልጃቸውን ከኦክስጅን አጠገብ ሊያነሱት የነበረው በእኔ ቃል ተመርኩዘው ነው። ቃሉ ደግሞ ስህተት ነበር። የልጁ አንጎል ንጹህ አልነበረም። ሲቲው ሊያየው የማይችለው ነገር ነበረበት። ይኸውም የስብ ኢምቦሊዝም ነው።

የቅልጥም ነገር

በበዓል ቀን ቅልጥም ሰብሮ የበላ ሰው ስለ ስብ ኢምቦሊዝም ግማሹን ትምህርት ተምሯል ማለት ይቻላል። ረጃጅም አጥንቶች ውስጣቸው ባዶ አይደለም፤ መቅኔ አለበት፣ የአዋቂ ሰው መቅኔ ደግሞ በአብዛኛው ስብ ነው። የጭን ወይም የቅልጥም አጥንት ሲሰበር ይህ ስብ በተቀደዱት ደም ሥሮች በኩል ወደ ደም ይገባል። ከዚያ በልብ ቀኝ ክፍል አልፎ ወደ ሳንባ ይሄዳል። አብዛኛው ሳንባ ላይ ይቀራል። ጥቂቱ ግን በሳንባ ቀጫጭን ደም ሥሮች ሾልኮ፣ ወይም በልብ ግድግዳ ላይ በሚገኝ ቀዳዳ አልፎ ወደ አንጎል ይደርሳል። ይህ ቀዳዳ በፅንስነት ጊዜ ለሁላችንም የነበረና ከአራት ሰው በአንዱ ያህል ሳይዘጋ የሚቀር ነው። ስቡ የደም ሥር መዝጋቱ ብቻ አይደለም። ወደ ፋቲ አሲድ ሲፈራርስ የደም ሥሩን ግድግዳ ያቆስላል ተብሎ ይታመናል። በሽታው ከአደጋው በኋላ ወዲያው ሳይሆን በአብዛኛው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቅ የሚለውም ስቡ እስኪሰራጭና ይህ ጉዳት እስኪጠራቀም ጊዜ ስለሚወስድ ነው ይባላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ዜንከር እ.ኤ.አ. በ1862 በአደጋ የሞተን ሰው ሳንባ መርምሮ የስብ ነጠብጣቦችን አገኘ። ፎን በርግማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1873 በሕይወት ባለ ሕመምተኛ ላይ በሽታውን ለይቶ ገለጸ። ዛሬም መጽሐፎቻችን የሚያስተምሩን ሦስት ምልክቶች አሉ፤ የትንፋሽ መቸገር፣ የአእምሮ መዛባት፣ እና በቆዳ ላይ የሚወጡ ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣቦች።

ስብ ወደ ደም መግባቱ በትልቅ ስብራት ላይ የተለመደ ሲሆን፣ በሽታ ሆኖ የሚገለጸው ግን በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው። ይህ ጥቂትነቱ ነው እንግዲህ የሚያዘናጋን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ በሽታ ነው።

ሲቲ የማያየው፣ ኤምአርአይ የሚያየው

ሲቲ ስካን ለዓለም ሕክምና ትልቅ ውለታ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ሕመምተኛ ለንደን ውስጥ ከተነሳ ወዲህ የተመታ ጭንቅላትን ሳይከፍቱ ማየት ተቻለ። ነገር ግን ሲቲ የሚያየው የኤክስሬይን መጠን ነው፤ የትኛው ሥጋ ብዙ ያስቀራል፣ የትኛው ጥቂት የሚለውን። የፈሰሰ ደም ይታየዋል፣ አጥንት ይታየዋል፣ ትልቅ ስትሮክም ውሎ አድሮ ይታየዋል። የስብ ነጠብጣብ የዘጋቸው ደም ሥሮች ግን እጅግ ቀጫጭን ናቸው። የሚፈጥሩት ጉዳት በየቦታው የተበተነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በኤክስሬይ መጠን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ሕመምተኛው እየቃዠ፣ አንዳንዴም ኮማ ውስጥ ሆኖ እንኳ ሲቲው «ኖርማል» ይላል። ይህ የማሽኑ ብልሽት ወይም የአንሺው ስንፍና ሳይሆን የመሣሪያው ተፈጥሮ ነው።

ኤምአርአይ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው። በተለይ ዲፍዩዥን የሚባለው አነሳስ የውሃ ሞለኪውሎች በሕዋሳት መካከል እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ ወይስ ታፍነዋል ብሎ ይጠይቃል። ደም ያጣ ሕዋስ ውሃ ስቦ ያብጣል፤ ያን ጊዜ በዙሪያው ያለው መተላለፊያ ይጠብና የውሃው እንቅስቃሴ ይታፈናል። ያ ቦታ በዲፍዩዥን ምስል ላይ ደምቆ ይበራል። ይህ ለውጥ በሰዓታት ውስጥ የሚታይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ፓሪዜል የተባሉ የቤልጅየም ራዲዮሎጂስትና ባልደረቦቻቸው አንጎላቸው በስብ ኢምቦሊዝም የተጠቃ ሰዎች በዲፍዩዥን ምስል ላይ የሚያሳዩትን መልክ «የከዋክብት ሜዳ» ብለው ሰየሙት። ስያሜው ልክ ነው። የኅዳርን ሌሊት ሰማይ አስቡት፤ ጨለማው ላይ በግራም በቀኝም፣ በነጩም በግራጫውም የአንጎል ክፍል፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ብሩህ ነጥቦች ተዘርተው ይታያሉ። ቀናት ሲያልፉ ደግሞ ከዋክብቱ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ጥቃቅን የደም ፍሳሾችን የሚያሳየው ኤስደብሊውአይ የተባለው አነሳስ ተራውን ይረከባል። በእርሱ ላይ ምስሉ የሚመስለው ነጭ ጨርቅ ላይ የተበተነ ኑግ ነው። ይህ ጥቁር ነጠብጣብ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከዋክብት ያየ ሁሉ ስብ ኢምቦሊዝም አገኘ ማለት አይደለም። ከታመመ የልብ ቫልቭ የሚበተን ቁራጭም አንጎል ላይ ነጥብ በነጥብ ይጥላል። ጭንቅላት የወባ በሽታም ጥቃቅን የደም ፍሳሽ ያስከትላል። በኃይለኛ ግጭት የአንጎል ክሮች ሲበጣጠሱ የሚታየውም በጣም ይመስለዋል፤ ልዩነቱ ያኛው በአብዛኛው ገና ከአደጋው ቅጽበት ራስን ያስታል። የስብ ኢምቦሊዝም ሕመምተኛ ግን እንደኛው ረዳት መጀመሪያ ያወራል፣ ይቀልዳል፣ ከዚያ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ምስሉ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። ታሪኩንና ሰዓቱን ይፈልጋል።

አንድ ነጥብ ብቻ?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሳነብ አንድ ነገር አስገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሾንፌልድና ባልደረቦቻቸው በሽታውን ለመለየት የነጥብ አሰጣጥ አወጡ። የቆዳ ነጠብጣብ 5 ነጥብ፣ በደረት ራጅ ላይ የሚታይ የሳንባ ለውጥ 4 ነጥብ፣ የኦክስጅን ማነስ 3 ነጥብ ተሰጠው። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የትንፋሽ መፍጠን አንድ አንድ ነጥብ አገኙ። የአእምሮ መዛባትስ? እርሱም 1 ነጥብ ብቻ ነው ያገኘው። ምርመራው ጸና ለማለት ቢያንስ 5 ነጥብ ያስፈልጋል።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የሰዎቹ ጥፋት አይደለም። በ1983 ሳንባ በራጅ ይታይ ነበር፣ ኦክስጅን ይለካ ነበር፣ ቆዳ በዓይን ይታይ ነበር። አንጎል ውስጥ የተበተነውን ግን ማንም በሕይወት ባለ ሰው ላይ አላየውም። መቃዠት ደግሞ ከሕመም ማስታገሻም፣ ከትኩሳትም፣ ከድካምም ይመጣል። ስለዚህ ትንሽ ነጥብ ተሰጠው። ዛሬ ግን አንጎል ብቻውን ሲጠቃ፣ ቆዳው ምንም ሳያሳይ፣ ሳንባውም ቀለል ሲል አይተናል። በድሮው ሚዛን ብቻ ብንመዝን እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ እንጥለዋለን። የኤምአርአይ ትልቁ ውለታ እዚህ ላይ ነው። ለአንጎሉ ድምፅ ሰጠው።

«መድኃኒት ለሌለው ምስል ምን ያደርጋል?»

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳካፍል የገጠመኝ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አንዱ እንዲህ አለኝ፤ «እሺ፣ ከዋክብቱን አየህ እንበል። ከዚያስ? ለስብ ኢምቦሊዝም የተለየ መድኃኒት የለም። ኦክስጅን፣ ፈሳሽ፣ ከባሰም የመተንፈሻ ማሽን ነው። ያንን ደግሞ ያለ ኤምአርአይም ትሰጣለህ። ድሃ ቤተሰብ በሬ ሸጦ ፎቶ እንዲነሳ ታደርጋለህ?»

ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ሸፋፍኜ አላልፈውም። የተለየ መድኃኒት አለመኖሩ እውነት ነው። ስቴሮይድም ቢሆን ብዙ የተከራከሩበት እንጂ ያጸደቁት መድኃኒት አይደለም። ቢሆንም ምርመራው የሚለውጠው መድኃኒትን ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ሦስት ነገር ይለውጣል።

አንደኛ፣ የተሳሳተውን ሕክምና ያስቆማል። ስሙ ያልታወቀ መቃዠት ብዙ ስም ይሰጠዋል። ሐራራ ነው ተብሎ በማደንዘዣ መርፌ ይተኛል፤ ያ ደግሞ የተዳከመውን ትንፋሽ ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። እብደት ነው ተብሎ ይታሰራል። መንፈስ ነው ተብሎ ከሆስፒታል ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ለስብራቱ የምንሰጠውን ትኩረት ይለውጣል። ያልተረጋጋ አጥንት በተንቀሳቀሰ ቁጥር መቅኔው ወደ ደም የመግባት ዕድል አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የታተመ፣ ቦን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው 178 የጭን አጥንት የተሰበረባቸውን ሰዎች ይዘው የሠሩት ጥናት ነበር። ግማሾቹ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ግማሾቹ ከ48 ሰዓት በኋላ አጥንታቸው በቀዶ ሕክምና ተያዘ። በብዙ ቦታ ከተጎዱት መካከል የዘገየላቸው ሰዎች የሳንባ ችግር በዝቶባቸው ተገኘ። እንግዲህ «ትራክሽን ላይ ነው፣ ምን ችግር አለው፣ ወረፋ ይጠብቅ» የምንለው ሕመምተኛ አንጎሉ ውስጥ ከዋክብት እንዳሉ ከታወቀ፣ ሕመምተኛው ከተረጋጋ በኋላ አጥንቱን እንዴትና መቼ እንያዝ የሚለው ጥያቄ ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

ሦስተኛ፣ ለቤተሰብ እውነቱን ይሰጣል። እውነቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሚፈሩት የተሻለ ነው። ምስሉ የሚያስደነግጥ ቢሆንም፣ የመጀመሪያዎቹን ከባድ ቀናት ተደግፈው ካለፉ ብዙዎች ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ፤ ኮማ ውስጥ የነበሩ ጭምር። አንድ አባት ይህን ቢያውቅ ልጁን አልጋ ላይ ለማቆየት ተስፋና ምክንያት ያገኛል።

የኛ አገር እውነታ

ይህን ሁሉ ስል «ለተሰበረ ሁሉ ኤምአርአይ ይነሳ» ማለቴ አይደለም። የኛን ነገር የምናውቀው እኛው ነን። የኤምአርአይ ማሽኖቻችን ጥቂቶች ናቸው፣ ያሉትም በትልልቅ ከተሞች ተሰብስበዋል። አንዳንዶቹ የማግኔታቸው ጉልበት ዝቅተኛ በመሆኑ ጥሩ የዲፍዩዥን ምስል አይሰጡም። ሌላም አለ። እግሩ ውስጥ ብረት የገባበት፣ ክብደት የተንጠለጠለበትን ሰው እንዲሁ ገፍቶ ወደ ማግኔት ክፍል ማስገባት አይቻልም። ክብደቱ በጭራሽ አይገባም። ብረቱም፣ ከውጭ የሚታሰረው መያዣም ዓይነቱ መጣራት አለበት። ተራው የኦክስጅን ሲሊንደር እንኳ እዚያ ክፍል ውስጥ ገዳይ መሣሪያ ነው። በዚህ ላይ ትንፋሹ የተቸገረ ሰው በአምቡላንስ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ማሽኑ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይተኛ ማለት አንዳንዴ ለምስል ብሎ ሰው ማጣት ነው።

ስለዚህ ሁለት ስህተት አለ ባይ ነኝ። አንዱ «ሲቲው ንጹህ ነው» ብሎ ማሰብ ማቆም ነው። ሌላው «ኤምአርአይ እስኪነሳ» ብሎ ማከም ማቆም ነው። ሁለቱም ማሽኑን ከሰው ያስቀድማሉ።

የኛን ረዳት ያዳነው ማሽን አልነበረም። ጠዋት ራውንድ ላይ አንድ አንጋፋ ሐኪም መጡ። ከሲቲው ፊልም በፊት የልጁን ትንፋሽ ቆጠሩ፤ ፈጣን ነበር። ጣቱ ላይ ፐልስ ኦክሲሜትር አደረጉ፤ 84 አለ። ደረቱን ገልጠው አዩ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ነጠብጣቡ በቀላሉ አይለይም። ከዚያ የዓይኑን የታችኛውን ሽፋን በአውራ ጣታቸው ዝቅ አደረጉት። እዚያ፣ ቀዩ ሥጋ ላይ፣ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ነበሩ። «አጥንቱ የተሰበረው መቼ ነው? መቃዠት የጀመረውስ?» ብለው ጠየቁና ሰዓቱን ቆጠሩ፤ 30 ሰዓት ገደማ። ካርዱ ላይ «የስብ ኢምቦሊዝም» ብለው ጻፉ። ኦክስጅኑ ከፍ ተደረገ። አባትየውንም ወንበር ስበው አስቀመጧቸውና «አባቴ፣ ከአጥንቱ የወጣ ስብ ሳንባውና አንጎሉ ላይ ደርሷል። ሲቲ ይህን አያይም። ልጅዎ አላበደም። እዚሁ ይቆይልን» አሏቸው። መኪናው ቀረ።

ይህን ያደረጉት ከማናችንም የተሻለ ማሽን ስለነበራቸው አይደለም። ኤምአርአይ ያስተማረውን ነገር፣ ማለትም የሲቲ ዝምታ መልስ አለመሆኑን፣ በጭንቅላታቸው ይዘውት ስለመጡ ነው።

ታዲያ ከኛ ምን ይጠበቃል?

አንዳንድ ጓደኞቼ «እኛ አንሺዎች ነን፣ ምርመራ የሐኪም ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ከማንሳት ጋር የሚመጡ፣ በእጃችን ያሉ ነገሮች አሉ። እኔ አራቱን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው የመጠየቂያ ወረቀቱ ነው። ብዙ ጊዜ «ጭንቅላት ሲቲ፣ ኮንፊውዝድ» ብቻ ተብሎ ይመጣል። እኛ ደግሞ ዝም ብለን እናነሳለን። ሕመምተኛው የተሰበረ አጥንት አለው? አደጋው የደረሰው መቼ ነው? አእምሮው የተዛባው ከአደጋው ስንት ሰዓት በኋላ ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቀን ወረቀቱ ላይ ብንጽፍ ፊልሙን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ሌላ ዓይን ይኖረዋል።

ሁለተኛው ኤምአርአይ ባለበት ቦታ አነሳሱን ማሳጠር ነው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሙሉውን የአንጎል ምርመራ ጸጥ ብሎ ሊጨርስ አይችልም። መጀመሪያ ዲፍዩዥኑ፣ ቀጥሎ ለደም ፍሳሽ የሚሆነው ይነሳ። ከዚያ በኋላ ቢወራጭ እንኳ ዋናው ጥያቄ ተመልሷል። ዲፍዩዥኑን መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ሕመምተኛው ሲነሳ ማጣት በጣም ያሳዝናል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ነው። ብረቱን፣ መያዣውን፣ ሲሊንደሩን ሳያጣሩ አለማስገባት። «አስቸኳይ ነው» ስለተባለ የማግኔት ሕግ አይለወጥም።

አራተኛውና ለእኔ ዋናው አንደበታችን ነው። «ንጹህ ነው» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ። ውጤት መናገር ሥራችን ባይሆንም፣ በር ላይ የሚጠብቅ አባት መኖሩ አይቀርም። «አባባ፣ ፎቶው ተነስቷል፤ ሐኪሙ አይተው ይነግሩዎታል» ማለት ይበቃል። ሪፖርት የሚጽፉ ታላላቆቻችንም ደም አለመፍሰሱን ከጻፉ በኋላ፣ የጭን ስብራት ላለበትና ለሚቃዥ ሰው «ይህ ውጤት የስብ ኢምቦሊዝም የለም አያሰኝም» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምሩ ብዙ ቀለም አይፈጅባቸውም።

መደምደሚያ

የልጁን መጨረሻ ሳልነግራችሁ ብጨርስ ትቀየሙኛላችሁ። በአምስተኛው ቀን አባቱን በስማቸው ጠራቸው። ትንፋሹ ሲረጋጋ ለቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ አጥንቱ ውስጥ ዘንግ ገባለት። የዘንጉ ዓይነት ተጣርቶም፣ ከአደጋው ሦስተኛ ሳምንት ላይ ኤምአርአይ ተነሳ። ቆይቶ ለቀጠሮ እኛ ጋ ሲመጣ በክራንች ይሄድ ነበር። አልፎ አልፎ ቃል ይጠፋበታል፣ ቶሎ ይደክመዋል፤ ቀልዱ ግን ተመልሷል። አባትየው ፊልሙን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውት ነበርና አውጥተው ሰጡኝ። ከዋክብቱ ደብዝዘዋል። ኑጉ ግን እንዳለ አለ፤ በአንጎሉ ሁሉ የተበተነ ጥቁር ነጥብ።

አባትየው ጣታቸውን ነጥቦቹ ላይ አድርገው «ያን ለት ንጹህ ነው ያልከኝ ይሄን ነው ልጄ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። «አዎ አባባ፣ ያን ለት አልታየኝም ነበር» አልኳቸው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ነገ እናንተም በር ላይ አንድ አባት ይጠብቃችኋል። ማሽናችሁ ያላየውን የለም አትበሉት።

ቸር ይግጠመን።